ገመዱን ያልለቀቀው ቴንዚንግ ኖርጌይ

እኛ የሮቢት ልጆች በረዶ የምናውቀው ከዝናብ ጋር ሲወርድ ነው። ኤቨረስት ጫፍ ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። ቁመቱ 8,848 ሜትር ነው፤ የራስ ዳሸንን እጥፍ ሊያክል ትንሽ ነው የቀረው።

ቴንዚንግ የተወለደው በ1906 ዓ.ም. ገደማ ነው። ማንበብና መጻፍ አልተማረም። ሥራ የጀመረው የተራራ ወጪዎችን ዕቃ በመሸከም ነው። ስድስት ጊዜ ሄዶ ጫፉ ላይ ሳይደርስ ተመለሰ።

የበረዶ ተራራ ሲያዩት ነጭ ነው፣ ያምራል፤ ከሥሩ ግን ጥልቅ ስንጥቅ ይደብቃል። በሰባተኛው ጉዞ ጓደኛው ኤድመንድ ሂላሪ ስንጥቅ ውስጥ ገባ። ቴንዚንግ ያያዛቸውን ገመድ ቶሎ ወጥሮ አተረፈው። ግንቦት 21 ቀን 1945 ዓ.ም. ሁለቱም ጫፉ ላይ ቆሙ። የቆዩት 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ቴንዚንግ በ1978 ዓ.ም. አረፈ።

ተማሪዎች፣ እኛም ጓደኛችን በትምህርት ሲደክም ገመዱን እንያዝለት!