ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፦ የመጻሕፍት መዝጋቢ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በሥነ ጽሑፍ ታሪክ ደራሲ፣ በመንግሥት ታሪክ ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በመሆን ይታወቃሉ። ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች ጎን ብዙ ጊዜ በአጭሩ የሚታለፍ ሦስተኛ ሥራ አለ፤ ይኸውም የመጻሕፍት መዝጋቢነታቸው ነው። የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ከካርድ ሣጥን ወደ ኮምፒዩተር በተላለፈበት በዛሬው ጊዜ፣ ለሙያው ሰዎች ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ይህ ሦስተኛው ሥራቸው ነው።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. አካባቢ በሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ፣ ደን በተባለው ቦታ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ገብረ መስቀል ነበር። አባታቸው በልጅነታቸው ቢሞቱባቸውም በቤተ ክህነት ትምህርት ገፍተው ወደ እንጦጦ መጡ፤ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያንም ተምረው በጽሕፈት ሥራ አገለገሉ። ያደጉበት ዓለም መጻሕፍት የበዙበት፣ የመጻሕፍት መዝገብ ግን ያነሰበት ዓለም ነበር። አንዳንድ ገዳም የንዋየ ቅድሳቱንና የመጻሕፍቱን ዝርዝር በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ ያስጽፍ ነበር፤ ሆኖም ያ ዝርዝር ከዚያው ደብር አይወጣም። የትኛው መጽሐፍ በየትኛው ቤት እንደሚገኝ የሚያውቁት መምህራን ነበሩ፤ መምህሩ ሲሞቱ ዕውቀቱም አብሮ ይቀበር ነበር።

በዚያው ዘመን የኢትዮጵያ መጻሕፍት በውጭ አገር በሥርዓት ይመዘገቡ ነበር። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት መካከል 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ዊልያም ራይት የሙዚየሙን የግዕዝ መጻሕፍት ካታሎግ እ.ኤ.አ. በ1877 ሲያሳትም፣ ዞተንበርግም በዚያው ዓመት የፓሪሱን አሳተመ። ስለዚህ ለንደን የተቀመጠ ተመራማሪ የአንድን ድርሳን ቁጥር፣ የቅጠሉን ብዛትና የተጻፈበትን ዘመን ከታተመ መዝገብ ሊያገኝ ሲችል፣ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሊቅ ስለ ራሱ አገር መጻሕፍት የሚመለከተው አንድም የታተመ ዝርዝር አልነበረውም። ኅሩይ የሞሉት ይህንን ጉድለት ነው።

በ1903 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉን ተከትለው ለንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ዘውድ በዓል ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1904 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የሚገኙ በግዕዝና በአማርኛ ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍትን የሚዘረዝረው ካታሎጋቸው በአዲስ አበባ ታተመ። በአርእስቱ ውስጥ ያለው የሚገኙ የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባዋል። ካታሎግ መጽሐፍ እንደ ተጻፈ ብቻ የሚመሰክር አይደለም፤ ፈላጊው ሊደርስበት እንደሚችልም ቃል ይገባል። ይህ ቃል ኪዳን የዛሬውን የኤሌክትሮኒክ መጽሔት ጠባቂ ሳይቀር ያስገድደዋል። የደንበኝነቱ ጊዜ ያለፈበት መጽሔት በኮምፒዩተሩ ዝርዝር ውስጥ ተመዝግቦ ቢቆይ፣ ተማሪው ስሙን አይቶ ከተዘጋ በር ላይ ይደርሳል። መዝገብ አለ ብሎ በሌለው ነገር ከማታለል፣ ዝም ቢል ይሻል ነበር።

ኅሩይ ሥራውን በአንድ እትም አላቆሙም። በ1914 ዓ.ም. የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ፤ ኅሩይም ራሳቸው ጎሐ ጽባሕ የተባለውን ማተሚያ ቤት መሠረቱ። የአማርኛ መጻሕፍት ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ የ1904ቱ ዝርዝር አረጀ፤ ስለዚህ በ1920 ዓ.ም. ካታሎጉን እንደ ገና አሳተሙት። በዚህም መዝገብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ሳይሆን፣ ከስብስቡ ጋር አብሮ ማደግ ያለበት መሆኑን በተግባር አሳዩ። በብዙ ቤተ መጻሕፍት የኮምፒዩተር ሥርዓት የሚወድቀው ከዚህ ላይ ነው፤ መሣሪያው ሲገዛና ሲተከል በጀትና ሹም ይመደብለታል፣ በየዓመቱ መዝገቡን ለሚያድስና ለሚያርም ሠራተኛ ግን ቦታ አይተውለትም።

በ1915 ዓ.ም. ያወጡት የሕይወት ታሪክ የተባለው መጽሐፍም ከካታሎጉ ጋር የሚዛመድ ነው። በኢትዮጵያ ታሪክ የታወቁ ሰዎችን ስምና ሥራ በአጭር በአጭሩ ለተከታዩ ትውልድ የሚያስታውቅ መዝገብ ነው። የመጻሕፍት ሥርዓት ያለ ሰዎች ስም ሥርዓት አይቆምም፤ የደራሲው ስም በአንድ መልክ ካልጸና ሥራዎቹ ይበታተናሉና። ለዚህ የኅሩይ የራሳቸው ስም በቂ ማስረጃ ነው። በውጭ አገር መዛግብት አንዱ ጸሐፊ በራሳቸው ስም፣ ሌላው የቤተሰብ ስም መስሎት በወልደ ሥላሴ፣ ሦስተኛው ደግሞ ብላቴን ጌታ የሚለውን ማዕርግ እንደ ስም ቆጥሮ ያገባቸዋል። በአገር ውስጥም በኅ፣ በሕና በህ፣ ሥላሴም በሥና በስ ይጻፋል። አንባቢ ድምፁን ሰምቶ አንድ ሰው መሆኑን ይረዳል፤ ኮምፒዩተር ግን እነዚህ ፊደላት በዩኒኮድ ልዩ ልዩ ቁጥር ስላላቸው፣ አስቀድሞ ካልታዘዘ በቀር እንደ ተለያዩ ሰዎች ይቆጥራቸዋል። በዓመተ ምሕረት የተጻፈው 1904ም በአውሮፓ አቈጣጠር 1911 ወይም 1912 ነው፤ የትኛው አቈጣጠር እንደ ሆነ ያልጠቀሰ መዝገብ መጽሐፉን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል።

በመንግሥት ሥራ የደረሱበት ከፍተኛ ማዕርግ በሚገባ የታወቀ ነው። በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ የሄደው መልእክተኛ አባል ነበሩ፤ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋር አውሮፓን ጐበኙ፤ በ1924 ዓ.ም. በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ጃፓን ደርሰው ስለ ጉዟቸው ማኅደረ ብርሃን የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። ወዳጄ ልቤና አዲስ ዓለም የተባሉት ልብ ወለዶቻቸውም የወጡት በእነዚሁ የሥራ ዓመታት ነው። የሚያዩትን ሁሉ የመመዝገብ ልማዳቸው በሹመት አልተቋረጠም።

ያቋረጠው ጦርነት ነው። የኢትዮጵያን ታሪክ የሚተርከው ትልቁ ሥራቸው በኅትመት ላይ ሳለ የኢጣልያ ወረራ ደረሰበት፤ ኅትመቱም ሳይፈጸም ቀረ። ኅሩይ በ1928 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ፤ በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ሞቱ፤ በዚያም ተቀበሩ። ዐፅማቸው ወደ አገሩ የተመለሰው ከነጻነት በኋላ ነው። የታሪክ ሥራቸው ለንባብ የበቃው ደግሞ ከብዙ ዐሥርተ ዓመታት በኋላ ነበር። ካታሎጉና የሕይወት ታሪኩ ግን አስቀድሞ ታትመው በብዙ እጅ ተበትነው ስለ ነበር ወረራው ሊያጠፋቸው አልቻለም።

የቅጂ ነገር በኛም ዘመን ተመስክሯል። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተሮች በሰርጎ ገቦች ተመቱ። የመስመር ላይ ካታሎጉ እስከ ጥር ተዘግቶ ከረመ፤ ከመቅደላ የተወሰዱትን ጨምሮ ወደ ኤሌክትሮኒክ ምስል የተለወጡት የኢትዮጵያ ብራናዎችም ከአንባቢ ዓይን ለብዙ ጊዜ ተሰወሩ። በዚያ ጊዜ ሁሉ የራይት የታተመ ካታሎግ እንደ ወትሮው ይነበብ ነበር። ይህ ኮምፒዩተርን የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ከአንድ ስፍራ በላይ ያልተቀመጠ መዝገብ በሐር ክር የተንጠለጠለ መሆኑን የሚያሳይ እንጂ።

ኅሩይ ሲሞቱ ሐዋሳ ገና አልተቆረቆረችም። ዛሬ በሐይቁ ዳር ያለው ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሲቋቋም፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተውን የአዋሳ እርሻ ኮሌጅንና የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅን አካቶ ነበር፤ ግቢዎቹም የተራራቁ ናቸው። እንዲህ ባለ ተቋም የቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ ሦስት ቋንቋ በሁለት ፊደል መቀበል አለበት፤ አማርኛ በፊደል፣ ሲዳሙ አፎና እንግሊዝኛ ደግሞ በላቲን ይጻፋሉና። ኮሃና ዲስፔስ የተባሉት፣ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የተለመዱትና ያለ ግዢ የሚገኙት ሶፍትዌሮች ይህን ይችላሉ፤ ነገር ግን የስሙን አጻጻፍና የዘመኑን አቈጣጠር ራሳቸው አይወስኑም፣ ወሳኙ መዝጋቢው ነው።

እንደ ሂናሪና አጎራ ባሉ መንገዶች የሚመጡት የውጭ መጽሔቶች በሌላ አገር በሚገባ የተመዘገቡ ናቸው፤ የሐዋሳው ቤተ መጻሕፍት ባይመዘግባቸውም አይጠፉም። ስለ እንሰት፣ ስለ ቡና፣ ስለ ሐይቁ ዓሣና ስለ ወንዶ ገነት ደን በዚያው የሚሠራ የመመረቂያ ጥናት ግን ሌላ መዝጋቢ የለውም። በዚያ ካልተመዘገበና ቅጂው በሁለተኛ ስፍራ ካልተቀመጠ፣ ዕጣው በመምህሩ ልብ ብቻ ይታወቅ እንደ ነበረው ብራና ነው። ኅሩይ ያለ ኮምፒዩተር፣ በብዕርና በእርሳስ ፊደል የጀመሩት ሥራ ይህ ነበር፤ ቀጣዩም እትም የሚጠበቀው በየዩኒቨርሲቲው መዝገቡን ከሚይዙት እጅ ነው።