በላይ ዘለቀን ማን አሰለጠነው?

ቴኳንዶ ይሻላል ወይስ ካራቴ? ቦክስ ወይስ ውሹ? ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጎረምሶች በተሰበሰቡበት ይህ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ሰሞኑን ደግሞ እዚያው የሚኖር የዘመዴ ልጅ ስልክ ደውሎ ለእኔ አቀረበልኝ። የጥያቄው ጭራ እንደተለመደው ነው፤ በአጭር ጊዜ ጉልበትና ፍጥነት የሚሰጠው የትኛው ነው?

የመለስኩለት ባጭሩ ነው። አንድ ሰው ስፖርት በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ስድስትና ስምንት ሳምንታት ጉልበቱ የሚጨምረው በአብዛኛው ጡንቻው ስለወፈረ ሳይሆን፣ ነርቮቹ ያለውን ጡንቻ አስተባብሮ ማዘዝ ስለሚለምዱ ነው። ስለዚህ የትኛውንም ቢመርጥ በቶሎ ለውጥ ያያል። እግሩን ማፍጠን ከፈለገ ቴኳንዶ፣ እጁን ከሆነ ቦክስ፣ ወገብና ክንድ ማጠንከር ካማረው ጁዶ ወይም ትግል ይሻለዋል። ጅማት ግን እንደ ጡንቻ ቶሎ አይጠነክርም፤ ችኩል ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው። ይህን ብዬው ስልኩን ዘጋሁ። ሐሳቤ ግን እዚያ አልቆመም፤ ይዞኝ ወደ በላይ ዘለቀ ሄደ። ያን ሰውዬ ማን አሰለጠነው?

በላይ ዘለቀ፣ በፈረስ ስሙ አባ ኮስትር፣ የተወለደው በ1900ዎቹ መጀመሪያ ነው። አባቱ ባሻ ዘለቀ ላቀው የልጅ ኢያሱ ወገን ነበሩ። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ባሻ ዘለቀ በቢቸና አገር ሳሉ ሊይዟቸው ከመጡ የመንግሥት ሰዎች ጋር ተዋግተው ተገደሉ። በላይ ያኔ ልጅ ነበር። አባቱ በመንግሥት ጠመንጃ የሞተበት የገጠር ልጅ መተኮስን የሚማረው እንደ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከእናቱና ከወንድሙ ከእጅጉ ጋር አባይን ተሻግሮ ወሎ ውስጥ፣ በእናቱ አገር አደገ። ስለ ልጅነቱ የሚተረከው ብዙ ነው፤ ከሁሉም ደጋግሞ የሚነሳው ዒላማ የማይስት መሆኑ ነው።

አሰልጣኝ አልነበረውም፤ ቀበቶም አልታጠቀም። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የጎጃምና የወሎ ደጋ ራሱ ትምህርት ቤት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እረኞች ከብት ሲጠብቁ ይታገላሉ። ጉልበት ብቻ ያለው ይወድቃል፤ ወገቡን የሚያውቅና እግር መጥለፍ የሚችል ያሸንፋል። ለገና በዓል ሩሩን በቆልማማ ዱላ እየለጉ ሜዳ ለሜዳ ሲራወጡ ይውላሉ። ይህ ጨዋታ ዳኛም ይሁን የተወሰነ የተጫዋች ቁጥር ሳያስፈልገው ሳንባን እንደሚያሰፋ የሞከረው ያውቀዋል። ዱላ ደግሞ የጎጃም ሰው ሦስተኛ እጁ ነው።

የሁሉም አውራ ጉግስ ነው። በሁለት ወገን የተሰለፉ ፈረሰኞች ናቸው የሚጫወቱት፤ አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል። አሳዳጁ በግልቢያ ላይ ሳለ ዘንጉን ይወረውራል። ሸሺው ፈረሱን ሳያቆም ኮርቻው ላይ ዞሮ በጋሻው ይመክታል፤ ወይም ጎንበስ ብሎ ያሳልፈዋል። ከዚያ ተራው ይለዋወጣል። እስቲ አስቡት፤ ጭን ፈረሱን ጨብጦ ይይዛል፣ ወገብ ይዞራል፣ ክንድ ጋሻ ያነሳል፣ ዓይን ዘንጉን ይከተላል፣ ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ነው። አሁን በዘመናዊ ጂም ውስጥ ገንዘብ ተከፍሎበት የሚሰጠው የቅልጥፍና ልምምድ ከዚህ ይበልጣል ብዬ አላምንም። ጨዋታው ደግሞ የጦርነት መለማመጃ መሆኑ ለማንም ስውር አልነበረም። ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓላቸውን ሲያከብሩ ፈረስ ምን ማለት እንደነበረ ለማየት ይቻላል። (ፉከራውን ሳልረሳ! ቴኳንዶ የሚማር ልጅ ሲመታ የሚጮኸው ጩኸት ለጎጃሜ ጆሮ አዲስ ሊሆን አይችልም።)

ከዚህ ሁሉ በላይ ያለው አሰልጣኝ ግን አባይ ነው። በደጀን በኩል የወረደ መንገደኛ ያውቀዋል። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነስቶ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ወደሚሆነው ቆላ ይወረዳል፤ ከዚያ በወዲያኛው ማዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። በመኪና እንኳ ጆሮ ይደፍናል። በእግሩ፣ ጠመንጃና ስንቅ ተሸክሞ፣ በሌሊት የሚወጣው ሰው ሳንባና ባት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ወንዙ በክረምት ሲሞላ ደግሞ መሻገሪያው ዋና ወይም በአየር የተነፋ ስልቻ ነው።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ጎጃም ሲገባ ይህ ሁሉ ዋጋ አወጣ። ወራሪው መትረየስ፣ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ነበረው። አርበኛው ያለው ውጅግራና ምንሽር፣ አንዳንዴም የተቆጠሩ ጥቂት ጥይቶች ናቸው። አንድ ጥይት መሳት ትልቅ ኪሳራ በሆነበት ጦርነት ዒላማ ማወቅ ጌጥ አይደለም። ፍጥነትም እንደዚሁ ነው፤ ማጥቃትና አውሮፕላን ሳይደርስ መሰወር ያስፈልጋል። ጣሊያኖች የጎጃምን ሰው ጠመንጃህን አስረክብ ማለታቸው ደግሞ እሳት ላይ ጭድ ነበር። በ1930 ዓ.ም. አመፁ ጎጃምን አዳረሰ። ነጋሽ በዛብህ፣ መንገሻ ጀምበሬና ኃይሉ በለው በየፊናቸው ሲዋጉ፣ በላይ በምሥራቁ በኩል ቢቸናንና የአባይን ሸለቆ ያዘ፤ በዚህም በዚያም ማዶ እየተሻገረ ወሎ ድረስ ተዋጋ።

ሌሎቹ የጎጃም የጦር መሪዎች ብዙዎቹ የመሳፍንትና የመኳንንት ዘር ነበሩ። በላይ ከመነሻው ይህ አልነበረውም፤ ሰው የሰበሰበው በክንዱ ነው። ለተከታዮቹም ከፊታውራሪ እስከ ራስ ማዕረግ ሰጠ ይባላል። ለራሱስ ሲባል፣ እናቱ ያወጣችለት በላይ የሚለው ስም እንደሚበቃው መለሰ እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል። ለእኔ ይህ ተረክ ከብዙ የውጊያ ታሪክ ይልቅ ሰውየውን ያሳየኛል። ያ ኩራት ኋላ ምን እንዳስከተለም እናያለን።

አንድ የሚያከራክር ነገር አለ። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከዚያ ቀደም ብሎ ከተማዋን ለቆ የወጣው በኮሎኔል ማራቬንታኖ የሚመራው የጣሊያን ጦር አባይን ተሻግሮ አመለጠ፤ እጁን የሰጠውም በግንቦት ወር ነው። ከዊንጌት ጋር የነበሩ እንግሊዞች፣ በላይ መንገዱን መዝጋት ሲገባው በራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት የጋብቻ ተስፋ ተደልሎ አሳለፋቸው ብለው ጽፈዋል። እኔ ይህን ከነጥርጣሬው ነው የማነበው። ጸሐፊዎቹ የዘመቻው ባለቤቶች ናቸው፤ በላይ ደግሞ መልሱን ጽፎ አላስቀመጠም። ቢሆንም ጀግና ነውና አይነሳበት ማለት ለአንባቢ ንቀት ይመስለኛል።

ከነጻነት በኋላ በላይ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸናን እንዲገዛ ተሾመ። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ ኃይሉ በለው ራስ ተብለው ጎጃምን ያዙ። ለጣሊያን ያደሩ ሰዎችም ወንበር ሲያገኙ ታዩ። አምስት ዓመት በዱር የኖረው ሰው ይህን መዋጥ አልቻለም። በ1935 ዓ.ም. ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ ሸፈተና አምባ ላይ ሆኖ የመጣበትን ጦር ተዋጋ፤ በመጨረሻ እጁን ሰጠ። ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት አርጅቶ ይፈታ ነበር። እሱ ግን ከራስ ኃይሉ ልጅ ከማሞ ኃይሉ ጋር ሆኖ ከአዲስ አበባ እስር ቤት አመለጠ። ወደ ጎጃም የሚወስደው ያው የአባይ ገደል ነው፤ ከዚያ ከደረሰ በኋላ የሚይዘው ማን ነበር? አልደረሰም። ተይዞ ተመለሰ። ጥር 4 ቀን 1937 ዓ.ም. ከነማሞ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ላይ ተሰቀለ። ገና የሠላሳዎቹን ዕድሜ አጋምሶ አልጨረሰም ነበር።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የሚጠራ ጎዳና አለ፤ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያም ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ይባላል። አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ጥሻ ውስጥ ይሰወር የነበረው ሰው ማለት ነው።