ዲቃላው ዊልያም፤ ኋላም ድል አድራጊው

ሰው አባቱንና እናቱን መርጦ አይወለድም። ይህን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን ሰው ስለ ሰው ሲፈርድ ይህን ያወቀውን ይረሳል። ስለዚህ በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ላይ የአንድ ታላቅ ንጉሥ ታሪክ ለመጻፍ ስነሣ፣ ጦርነቱንና ድሉን ብቻ ሳይሆን ከልደቱ ጀምሮ የተከተለውን አንድ ቃል ጭምር ለአንባቢዎቼ ለማሳየት አስቤአለሁ። ንጉሡ የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ዊልያም ነው፤ ቃሉም ዲቃላ የሚለው ነው። ዘመኑን የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ዊልያም የተወለደው በ1027 ወይም በ1028 በሰሜን ፈረንሳይ፣ በኖርማንዲ አገር፣ ፋሌዝ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ሮበርት የኖርማንዲ መስፍን ነበረ። እናቱ ሄርሌቫ ግን ፉልበርት የሚባል የከተማው ነዋሪ ልጅ ነበረች። ፉልበርት እንደሚነገረው ቆዳ ፋቂ ነበረ፤ አንዳንድ ሊቃውንት ደግሞ ሥራው ሬሳ መገነዝ ነበረ ይላሉ። ያም ሆነ ይህ ሥራው በመኳንንት ፊት የሚያስከብር አልነበረም። መስፍኑ ሄርሌቫን ወደዳት እንጂ በሕግ አላገባትም። እርስዋም ኋላ ሄርሉዊን ለሚባል መኰንን ተድራ ኦዶና ሮበርት የሚባሉ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደች።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እለምናለሁ። በዚያ ዘመን በኖርማንዲ ያለ ሕግ ጋብቻ መወለድ ኋላ እንደ ሆነው ያለ ከባድ ነውር አልነበረም። የመሳፍንቱ አባቶች ከስካንዲናቪያ በመርከብ የመጡ ወራሪዎች ነበሩ፤ እንደ አገራቸውም ልማድ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻዋን ያልባረከችላትን ሴት በቤታቸው ያኖሩ ነበር። የዊልያም ቅድመ አያት ቀዳማዊ ሪቻርድ ራሱ እንዲህ ካለች ሴት ተወልዶ ሳለ ኖርማንዲን ለብዙ ዘመን ገዝቷል። ባስታርድ የሚለው የፈረንሳይኛ ቃልም በመጀመሪያ የሚያመለክተው፣ አንድ ታላቅ ሰው ከሚስቱ ሌላ፣ ይልቁንም በማዕርግ ከእርሱ ከምታንስ ሴት የወለደውን ልጅ ነበር። አባት ልጄ ነው ብሎ ካመነ ልጁ ልጅ ነው። ነውሩ ይበልጥ የሚታየው ከጋብቻው መጕደል ይልቅ በእናቲቱ ዘር ማነስ ነበር።

በ1035 መስፍን ሮበርት ወደ ኢየሩሳሌም ለመሳለም ተነሣ። ከመሄዱ በፊት መኳንንቱን ሰብስቦ ለትንሹ ልጁ ለዊልያም የታማኝነት መሐላ አስገባቸው። ሲመለስም በመንገድ ታሞ በኒቅያ ከተማ ሞተ። በዚህ ጊዜ የዊልያም ዕድሜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆን ነው። መኳንንቱ እንደ መሐላቸው መስፍን አደረጉት፤ ነገር ግን ሥልጣን በሕፃን እጅ ሲገባ የሚሆነው ሁሉ ሆነ። ባላባቶቹ ምሽግ እየሠሩ እርስ በርሳቸው ተዋጉ። ከሞግዚቶቹ ብዙዎቹ ተራ በተራ ተገደሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ኦስበርን የተገደለው ልጁ በተኛበት ክፍል ውስጥ ነበር። በዚያ ክፉ ዘመን ከጐኑ ካልተለዩት አንዱ የእናቱ ወንድም ዋልተር ነው። ይህ አጎቱ ሌሊት ከእርሱ ጋራ እያደረ፣ አደጋ በመጣ ጊዜም ወደ ድኾች ቤት እየወሰደ እንደ ሸሸገው ይነገራል። እንግዲህ መኳንንቱ የናቁት የእናቱ ወገን ሕይወቱን ከጠበቁለት መካከል ነበረ ማለት ነው።

ዊልያም ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው የአጎት ልጆችና ባላባቶች በአንድነት ተነሡበት። መሪያቸው የቡርጎኝ ተወላጅ ጊ ነበረ። ጊ የመስፍኑ የዳግማዊ ሪቻርድ የሴት ልጅ ልጅ ሲሆን እናቱ በሕግ ጋብቻ የተወለደች ነበረች። ስለዚህ ዲቃላ ከሚገዛ የሕግ ዘር ይግዛ የሚል ምክንያት ተገኘለት። ዊልያም የፈረንሳይን ንጉሥ ቀዳማዊ ሄንሪን ረዳት አድርጎ በ1047 ቫል ኤ ዱን በሚባል ሜዳ ላይ ገጠማቸውና ድል ነሣቸው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1051 ገደማ፣ አላንሶን የምትባለውን ከተማ ሲከብ፣ በምሽጉ ላይ የነበሩት ሰዎች ቆዳ አንጠልጥለው እየደበደቡ በእናቱ ወገን ሥራ ዘበቱበት። ዊልያም ምሽጉን በያዘ ጊዜ የሰደቡትን ሰዎች እጅና እግር አስቈረጠ፤ ቍጥራቸውም 32 እንደ ነበረ ተጽፏል። ይህን ጭካኔ ማንም ሊያመሰግነው አይችልም። ነገር ግን ከስድብ ሁሉ ይልቅ የሚቈረቍረው እናትን የሚነካው እንደ ሆነ እኛ ተማሪዎች ከመጫወቻው ሜዳ እናውቃለን። ድል ያደረገ መስፍን እንኳ ያንን የቆዳ ድምፅ መቻል አልሆነለትም።

በዚሁ ዘመን ዊልያም የፍላንደርስን ገዥ ልጅ ማቲልዳን አገባ። እርስዋ የታላላቅ ነገሥታት ዘር ነበረች። የሮማው ፓፓ ሊዮ 9ኛ በ1049 በራንስ ጉባኤ ጋብቻውን ከልክሎ ነበር፤ ኋላ ግን ተፈቀደላቸው፤ ስለ ጥፋታቸውም ካሣ በካን ከተማ ሁለት ገዳማት አሠሩ። ነገሥታትና መሳፍንት ከብዙ ሴቶች በሚወልዱበት በዚያ ዘመን ዊልያም ከሚስቱ ሌላ ወለደ የሚል የታመነ ታሪክ አልተገኘም። እኔ እንደሚመስለኝ በልጅነቱ የቀመሰውን መራራ ነገር ለሌላ ልጅ ለማቅመስ አልወደደም።

በጥር 1066 የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ ልጅ ሳይተው ሞተ። በማግሥቱ ሃሮልድ የሚባለው ታላቅ መኰንን ዘውድ ጫነ። ዊልያም ግን ኤድዋርድ ዙፋኑን ተስፋ ሰጥቶኛል፣ ሃሮልድም ምሎልኛል ብሎ መርከቦች አሠርቶ ባሕሩን ተሻገረ። ጥቅምት 14 ቀን 1066 በሄስቲንግስ አጠገብ ከጧት እስከ ማታ ተዋግተው ሃሮልድ ሞተ፤ ዊልያምም በዚያው ዓመት በአውሮፓውያን የልደት በዓል ቀን በዌስትሚንስተር ዘውድ ጫነ። የእናቱን ልጆች ኦዶንና ሮበርትን በእንግሊዝ ምድር ሰፊ ርስት ሰጥቶ ታላላቅ ጌቶች አደረጋቸው። ቆዳ ተደብድቦ የተዘበተበት የፉልበርት የልጅ ልጆች አገር ገዙ።

አገዛዙ ብርቱ ነበረ። የሰሜን እንግሊዝ ሰዎች ባመፁበት ጊዜ በ1069ና በ1070 መንደራቸውንና እህላቸውን አስቃጠለ፤ ብዙ ሕዝብም በረኃብ አለቀ። በ1086 ደግሞ በአገሩ ያለውን መሬትና ከብት፣ ባለ ርስቱንም ሁሉ አስቈጥሮ ከ13 ሺህ የሚበልጡ ቦታዎች የተጻፉበትን ትልቅ መዝገብ አዘጋጀ፤ ይህም መዝገብ እስከ ዛሬ አለ። መስከረም 9 ቀን 1087 በአውሮፓውያን አቈጣጠር፣ በሩዋን ከተማ አጠገብ ሞተ፤ በካን ባሠራውም ገዳም ተቀበረ። በቀብሩም ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ ይህ መሬት ከአባቴ በግፍ የተወሰደ ነው ብሎ ስለ ከሰሰ፣ ገንዘብ እስኪሰጠው ድረስ ቀብሩ ቆመ።

የዊልያም ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል፤ የቃሉ ታሪክ ግን አላበቃም። በዚያው ዘመንና ከዚያም በኋላ ቤተ ክርስቲያን የጋብቻን ሕግ እያጠበቀች ሄደች። ስለ ዊልያም ልደትም አብዝተው የጻፉት እርሱ ከሞተ በኋላ በ12ኛው መቶ ዓመት የተነሡት ጸሐፊዎች ናቸው። ለውጡን በደንብ የሚያስረዳው የገዛ የልጅ ልጁ ዕድል ነው። የዊልያም ልጅ ንጉሥ ሄንሪ ቀዳማዊ ከሕግ ውጭ ከ20 የሚበልጡ ልጆች ነበሩት። ከእነዚህ አንዱ የግሎስተር ገዥ ሮበርት ጦር አዋቂ፣ ባለጠጋና የመጻሕፍት ወዳጅ ነበረ። የሕጉ ወንድ ልጅ በ1120 መርከብ ሰጥሞ ስለ ሞተ፣ ሄንሪ በ1135 በሞተ ጊዜ በዙፋኑ የተከራከሩት የሕግ ልጁ ማቲልዳና የእኅቱ ልጅ እስጢፋኖስ ነበሩ። ሮበርት ግን ለእኅቱ ሲዋጋ ኖሮ በ1147 ሞተ እንጂ ንጉሥ አልሆነም። በ1035 የስምንት ዓመት ዲቃላ ኖርማንዲን ወረሰ፤ ልክ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ጐልማሳውና ዐዋቂው ዲቃላ ከወራሾች አልተቈጠረም። ልዩነቱ ከሰዎቹ ችሎታ የመጣ አይደለም፤ የተለወጠው የቃሉ ፍች ነው።

እንግሊዞች ከዊልያም በፊት ከዕቁባት የተወለደ የሚል ትርጓሜ ያለው የራሳቸው ቃል ነበራቸው። ባስታርድ የሚለው ግን የድል አድራጊዎቹ ቋንቋ ነው፤ ፈረንሳይኛ ከእንግሊዝኛ ጋራ ሲቀላቀል አብሮ ገብቶ በ1300 ገደማ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል። ምንጩንም አንዳንድ የቋንቋ ሊቃውንት የጭነት ኮርቻ ከሚለው ቃል ያመጡታል፤ በቅሎ ነጂዎች በየማደሪያው ኮርቻቸውን ምኝታ ያደርጉ ነበርና፣ የኮርቻ ልጅ ማለት በትዳር አልጋ ያልተወለደ ማለት ነው ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ቃሉ ከሰው አልፎ ልዩ ልዩ ነገር መጠሪያ ሆነ። ለጣፋጭ ወይን ጠጅ ዐይነት ተሰጠ፤ ከልኩ ለወጣ ወይም እውነተኛ ላልሆነ ዕቃም ተነገረ፤ በመጨረሻም ወላጁ ማን እንደ ሆነ ሳይጠየቅ ማንም ማንንም የሚሰድብበት ሆነ።

ሕጉም ከቃሉ ጋራ ከበደ። በ1236 በመርተን በተደረገው ጉባኤ ጳጳሳቱ፣ ወላጆቹ ኋላ ከተጋቡ ልጁ የሕግ ልጅ ይሁን ብለው ጠየቁ፤ የእንግሊዝ መኳንንት ግን የአገራችንን ሕግ አንለውጥም ብለው እንቢ አሉ። ስለዚህ ከወላጆቹ ሠርግ አንድ ቀን ቀድሞ የተወለደ ልጅ እንኳ ርስት አይወርስም ነበር፤ በሕግ ቋንቋም የማንም ልጅ ያልሆነ ይባል ነበር። ይህ በእንግሊዝ ሕግ የተለወጠው በ1926 ነው፤ በ1987 ደግሞ በልጆች መካከል የቀረው ልዩነት በብዛት ተሻረ። ዘውዱን ግን እስከ ዛሬ ከሕግ ጋብቻ ውጭ የተወለደ አይወርስም። ዊልያም ዛሬ ቢወለድ የራሱን ዙፋን በውርስ ሊያገኝ አይችልም ነበር።

ይህን ስጽፍ በአማርኛችን ያለውን ቃል ሳላስብ አላለፍሁም። ሁለት ዐይነት ዘር ተዳቅሎ የበለጠ ፍሬ ሲሰጥ ድቅል ብለን እናመሰግነዋለን፤ ከዚያው ሥር የወጣውን ዲቃላ የሚለውን ቃል ግን ምንም ባላጠፋ ልጅ ላይ እንወረውራለን። ጓደኞቼ ሆይ፣ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን ገሚሶቻችን ዳኞች፣ ገሚሶቻችን መምህራን፣ ሁላችንም ምናልባት ወላጆች እንሆናለን። የዊልያምን ጭካኔ እንጥላ፤ ትጋቱን እናድንቅ፤ በአላንሶን ምሽግ ላይ ቆዳ ከደበደቡት ሰዎች ጋራ ግን አንቁም። ቃሉን በየዘመኑ ያከበዱትም ያቀለሉትም ሰዎች ናቸውና፣ በእኛ ዘመን ምን እንደሚሆን የምንወስነው እኛ ነን።