የትንሿ ድመት አባት

በረመዷን ሐዲስ ሲነበብ ደጋግመን የምንሰማው ስም አለ፤ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ)። ልጆቻችን ትርጉሙን ቢጠይቁን መልሱ የትንሿ ድመት አባት የሚል ነው። ዛሬ ስለዚህ ሶሐባ ስናወሳ ከድመቷ እንጀምራለን።

አቡ ሁረይራ የየመን ሰው ነው፤ ከደውስ ጎሳ። የቲም ሆኖ አደገ፤ ለዕለት ምግቡ ሲል ብቻ ለሰው ተቀጥሮ ሠርቷል። የቤተሰቡን መንጋ በሚጠብቅበት ዘመን አንዲት ትንሽ ድመት ነበረችው። ሌሊት ዛፍ ላይ ያሳድራታል፤ ሲነጋ ይዟት ወጥቶ ሲያጫውታት ይውላል። በሌላ ዘገባ ደግሞ የዱር ድመት ግልገሎችን አግኝቶ በእጅጌው ይዟቸው ሲመለስ ቤተሰቦቹ ድምፃቸውን ሰሙና በድመት ስም ጠሩት።

እናቱን ያጣ የድመት ግልገል አሳድጎ የሚያውቅ ቤተሰብ የዚያን እጅጌ ዋጋ ይረዳል። ግልገሉ ሲወለድ ዓይኑ ጭፍን ነው፤ እስኪገለጥ ሳምንት ያህል ይፈጃል። የገላውን ሙቀት በራሱ መጠበቅ አይችልም፤ ብርድ ከያዘው ደግሞ ቢመግቡትም አይፈጭለትም። ስለዚህ መጀመሪያ ማሞቅ፣ ከዚያ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ጥቂት ጥቂት ማጥባት ያስፈልጋል። ልጆች ርኅራኄ ይዟቸው የሚሰጡት የላም ወተት ብዙ ጊዜ ሆዱን ያውከዋል፤ ለግልገል ተብሎ የተዘጋጀ ወተት ይሻለዋል።

አቡ ሁረይራ ራሱም ረሀብን አሳምሮ ያውቃል። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ በመስጂዳቸው ሱፋ ከሚጠለሉት ድሆች ጋር ኖረ። ሆዱ ላይ ድንጋይ ያሰረበት፣ ራሱን ስቶ ሲወድቅ ሰዎች እብደት የመሰላቸው ጊዜ አለ።

አንድ ቀን ረሀቡ ሲጠናበት መንገድ ዳር ተቀመጠ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊቱን አይተው ችግሩ ገባቸውና በዚያው የድመት ስሙ፣ አባ ሂር ብለው ጠሩት። ቤታቸው አንድ ሳህን ወተት ተገኘ። የሱፋ ሰዎችን እንዲጠራ ሲያዙት ልቡ ፈራ፤ ያ ወተት ለዚያ ሁሉ ሰው ምን ይሆናል? ቢሆንም ታዘዘ። እያንዳንዱ እስኪጠግብ ሳህኑን በእጁ አዞረ። በመጨረሻ እርሱ እንዲጠጣ ታዘዘ፤ ደግሞ ጠጣ ተባለ፤ ሌላ ቦታ የለኝም እስኪል ድረስ ጠጣ። የተረፈውን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህን አመስግነው ጠጡት። ለእኛ የዚህ ታሪክ ከባዱ ቦታ የተራበው ሰው ሳህኑን ይዞ ለሌሎች እያደለ የቆመበት ነው።

የረመዷንን ዘካ እህል በሌሊት እንዲጠብቅ የተሾመውም ይኸው ችግረኛ ነው። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር የቆየው አራት ዓመት ገደማ ቢሆንም ከ5,300 በላይ ሐዲሶች በእርሱ በኩል እንደተላለፉ ይቆጠራል። ካስተላለፋቸው አንዱ የአንዲት ሴት ነገር ነው። ድመት አስራ አላበላቻትም፤ ከምድር ለቅማ እንድትበላም አልለቀቀቻትም፤ በዚህ ሰበብ እሳት ገባች።

አቡ ሁረይራ ሂጅራ በገባ በ50ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ ሞተ፤ መዲና ውስጥ በበቂዕ ተቀበረ። ወላጆቹ ባወጡለት ስም ላይ ሊቃውንቱ ዛሬም አይስማሙም።