ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን

በዘመናችን አንድ ተማሪ የዓለምን ሥዕል ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልገውም። የእጅ ስልኩን ከፍቶ ሕልም የሚመስል ሥዕል የሚሥሉትን፣ የሸቀጥና የማስታወቂያ ምስልን ወደ ጥበብ የለወጡትን፣ ለመጻሕፍትም ሥዕል የሚያዘጋጁትን የየአገሩን ወጣቶች ሥራ በአንድ ሌሊት ሊመለከት ይችላል። ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ከጓደኞቻችን ብዙዎቹ የውጭ አገር ሠዓሊዎችን ስም በቃላቸው እየዘረዘሩ፣ የእስክንድር ቦጎሲያን ስም ሲነሣ ማን እንደ ሆነ ይጠይቁናል። ስለዚህ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

እስክንድር በአዲስ አበባ ከተማ ሐምሌ 15 ቀን 1929 ዓ.ም. ተወለደ፤ ይኸውም በአውሮፓ አቈጣጠር 1937 ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። አባቱ ኮሎኔል ኮስሮፍ ቦጎሲያን ከአርመን ወገን የሚወለዱ የክብር ዘበኛ መኰንን ነበሩ፤ እናቱም ወይዘሮ ጸዳለ ወልደ ተክሌ ይባላሉ። ጊዜው አገራችን በጠላት የተያዘችበት ስለ ነበረ አባቱ በጣሊያኖች ታስረው ዓመታት አሳለፉ፤ ሕፃኑንም አጎቱ አሳደጉት። በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሳለ ሥዕልን ከመደበኛው ትምህርት ውጭ ይለማመድ ጀመር። የኢትዮጵያን ሥዕል ታሪክ ያጠኑት ስታኒስላስ ኾይናትስኪም መሩት። የንጉሠ ነገሥቱ ኢዮቤልዩ ሲከበር በሥዕል ሁለተኛውን ሽልማት አገኘ፤ በ1955ም በመንግሥት ወጪ ወደ ለንደን ተላከ።

በለንደን ሁለት ዓመት ያህል ከተማረ በኋላ በ1957 ወደ ፓሪስ ተሻገረ፤ በዚያም ዘጠኝ ዓመት ተቀመጠ። ፓሪስ ሱሪያሊዝም የሚባለው አስተሳሰብ የተወለደባት ከተማ ናት። ባለቅኔው አንድሬ ብሬቶን በ1924 ያወጣው መግለጫ፣ ጥበብ ከሕልምና ከተሰወረው የሰው አእምሮ ክፍል መቅዳት አለበት የሚል ነበር። እስክንድር የፓውል ክሌን፣ የኩባውን የዊፍሬዶ ላምን፣ የቺሊውን የሮቤርቶ ማታን ሥራዎች እያየ ይህን መንገድ መረመረ። የጥቁር ሕዝብን ባህል ክብር ከሚያነሡ አፍሪካውያን ጋርም ተገናኘ።

ታዲያ ይህ አስተሳሰብ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አልነበረም። ደብተራው በብራና ላይ የሚሥለው ጠልሰም፣ ያ ሁሉ ዓይን፣ ያ ክንፍ፣ ያ የተጠላለፈ ሐረግ፣ በሽተኛው ተመልክቶት እንዲድን የታሰበ ሥዕል ነው፤ የክታቡ ርዝመትም በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሆናል። እስክንድር አውሮፓውያን አዲስ ያሉትን በአገሩ ክታብ ውስጥ አገኘው። በ1964 የሣለው “የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ” በጨለማ ሰማይ ላይ ክንፍ ያላቸው ፍጥረታት የሚታዩበት ሥራ ሲሆን፣ ዛሬ በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ሙዚየም ይገኛል። በ1963 የፓሪስ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ጥቂት ቈይቶም የኒው ዮርኩ ሥራዎቹን ገዙ።

በ1966 ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ በ1967 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ። በዚያው ትምህርት ቤት ገብረ ክርስቶስ ደስታም ያስተምር ስለ ነበር፣ የዚያን ጊዜ ተማሪዎች ሁለት ታላላቅ አዲስ መንገድ ከፋቾችን በአንድ ግቢ አገኙ። ነገር ግን ዕድሉ አጭር ነበር። አሥርቱ ዓመት ሲያልቅ እስክንድር ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በ1974 አብዮቱ ፈነዳ፤ ኑሮውም በዚያው ቀረ። በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እስከ 2001 አስተማረ። እንደ ወሰኔ ኮስሮፍ ያሉ ሠዓሊዎች ከእርሱ ተማሩ። በቆዳና በዛፍ ልጥ ላይም ሣለ። በ2001 ከሠዓሊዋ ከከበደች ተክለአብ ጋር በዋሽንግተን ለኢትዮጵያ ኤምባሲ የግድግዳ ሥራ ሠራ። ግንቦት 4 ቀን 2003 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዐረፈ፤ ዕድሜው 65 ነበር።

እንግዲህ የምንከራከርበት ነገር እዚህ ላይ ነው። በስልክ ያየነውን ሥዕል አየነው ማለት ይቻላልን? እኛ ከበርበሬ በረንዳ ሰፈር የመጣን ተማሪዎች መልሱን ከእናቶቻችን ተምረናል። የማረቆ በርበሬ ልትገዛ የመጣች እመቤት በጆንያው አፍ ላይ ያለውን ቀይ መልክ ብቻ አይታ ገንዘቧን አትፈታም። እጇን ወደ ታች ሰድዳ ከሥር ዛላ ታወጣለች፤ ትሰብረዋለች፤ ፍሬውን ታያለች፤ ታሸታለች፤ ካስነጠሳትም በኋላ ዋጋ ትጠይቃለች። ከአንድ ሜትር በላይ የሆነ ሸራ በመዳፍ ስፋት መስተዋት ሲታይ መጠኑ ይጠፋል፤ የቀለሙ ውፍረትና የልጡ ሻካራነት አይታወቅም። የተረፈው የላይኛው መልክ ብቻ ነው። ስልኩ ወደ ገበያው የሚመራ ደላላ ነው እንጂ በርበሬው እርሱ አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በስልክ ሥዕል የሚወድ ተማሪ ሁሉ በስድስት ኪሎ ያለውን የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሙዚየም በእግሩ ሄዶ ይመልከት፤ ከሸራ ፊት ቆሞ ማየት የሚለመደው እንዲህ ነው። ሁለተኛ፣ የእስክንድር ዋና ዋና ሥራዎች በባዕድ አገር ግድግዳ ላይ ስላሉ፣ ለጥቂት ወራት እንኳ በውሰት መጥተው በተወለደበት ከተማ እንዲታዩ ኅብረታችን ከሚመለከታቸው ጋር ይነጋገር። ሌሊት ሌሊት በደብተራቸው ጠርዝ ላይ የሚሥሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉን። የውጭውን ትምህርት ጠግቦ የአገሩን ክታብ ያልረሳ ሰው በፊታቸው እንደ ነበረ ማወቅ ይገባቸዋል።