የሒሳብ ሊቅ የሶፊያ ኮቫሌቭስካያ ዜና ሕይወት

ሶፊያ ኮቫሌቭስካያ በ1850 ዓ.ም. በጥር ወር በሞስኮ ከተማ ተወለደች። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። አባቷ ቫሲሊ ኮርቪን ክሩኮቭስኪ በመስኮብ ንጉሥ ሠራዊት የመድፈኛ ጦር ጄኔራል ነበሩ፤ በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላም ቤተ ሰባቸውን ይዘው ፓሊቢኖ በሚባለው ርስታቸው ተቀመጡ።

በዚያ ቤቱ ሲታደስ ለግድግዳው የሚለጠፍ ጌጠኛ ወረቀት ከፒተርስቡርግ እንዲመጣ ተደረገ። ወረቀቱ ግን ለልጆቹ ክፍል ሳይበቃ ቀረ። ለአንድ ክፍል ብሎ እንደ ገና ከሩቅ አገር ማስመጣቱ ብዙ ድካም ስለ መሰላቸው ከጣራው ሥር ወድቆ የኖረ አሮጌ ወረቀት አውርደው ለጠፉበት። ያም ወረቀት አባቷ በወጣትነታቸው የገዙት፣ ኦስትሮግራድስኪ የተባለው የመስኮብ የሒሳብ ሊቅ ስለ ዲፈረንሺያልና ስለ ኢንተግራል ስሌት ያስተማረው፣ በድንጋይ ማተሚያ እየተባዛ ለተማሪዎች የሚታደል የትምህርት ጽሑፍ ነበረ። ሕፃኒቱ በግድግዳው ፊት ብዙ ሰዓት እየቆመች የትኛው ገጽ የትኛውን እንደሚከተል ለማወቅ ትጥር ነበር። ፍችው አልገባትም፤ የምልክቶቹ መልክ ግን በአእምሮዋ ተቀረጸ። እንዲህ ንባቡ ከትርጓሜው ቀድሞ ስለ ገባ፣ ኋላ በፒተርስቡርግ ስትራኖልዩብስኪ የተባለው መምህር ይህን ትምህርት ባስጀመራት ጊዜ፣ አስቀድማ የምታውቀው ይመስል ፈጥና መቀበሏ እጅግ አስደነቀው።

የዚህ ትምህርት ከፍተኛው ክፍል የዲፈረንሺያል እኩልዮሽ ይባላል። ተራው እኩልዮሽ የተሰወረውን ቍጥር ፈልጉ ይላል። ይህኛው ግን አንድ ነገር በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ ይነግርና ነገሩን ራሱን ፈልጉ ይላል። ከምድጃ የወጣ ዳቦ እጅግ ሲግል ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል፤ ወደ ክፍሉ አየር ሙቀት ሲቃረብ ግን በዝግታ ይቀዘቅዛል። ይህን የለውጥ ሕግ ይዞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ዳቦው ምን ያህል እንደሚሞቅ ማስላት የዚህ ትምህርት መጀመሪያ ነው። ጫፉ በእሳት ውስጥ የገባ ብረት ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ሙቀቱ በየጊዜው ብቻ ሳይሆን በየቦታውም ይለያያልና። እንዲህ ያለው ከፊላዊ የዲፈረንሺያል እኩልዮሽ ይባላል፤ የሶፊያም ዋና ሥራ በዚህ ላይ ነው።

በዚያ ዘመን የመስኮብ ዩኒቨርሲቲዎች ለሴቶች የተዘጉ ነበሩ። ያላገባች ልጅ ያለ አባቷ ፈቃድ፣ ያገባችም ያለ ባሏ ፈቃድ ወደ ውጭ አገር መሄድ አይቻላትም ነበር። ስለዚህ በ1868 ዓ.ም. በ18 ዓመቷ፣ ለይስሙላ ብቻ፣ ቭላዲሚር ኮቫሌቭስኪ የተባለውን ወጣት አገባች። ጋብቻን ለመውጫ መንገድ ማድረግ የሚመሰገን አይደለም፤ ለብዙ ዓመትም ለሁለቱ ኀዘንን አተረፈ። ሆኖም ሌላው በር ሁሉ በሕግ ተቈልፎ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም።

በ1869 ዓ.ም. ወደ ሃይድልበርግ ሄደች። በዚያ በተማሪነት መመዝገብ ባይፈቀድላትም፣ መምህራኑ አንድ በአንድ እየፈቀዱላት ከኪርኾፍ፣ ከሄልምሆልትስና ከኬኒግስበርገር ትምህርት ሰማች። ኬኒግስበርገር የካርል ቫየርሽትራስ ተማሪ ስለ ነበረ፣ ሶፊያ በ1870 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መምህሩን ራሳቸውን ፍለጋ ወደ በርሊን ተጓዘች።

ቫየርሽትራስ በዚያ ጊዜ በመላው አውሮፓ የታወቁ ሊቅ ነበሩ። ነገር ግን ከዚህ ክብር የደረሱት ዘግይተው ነው። ዩኒቨርሲቲውን ያለ ማዕርግ ትተው፣ ከ10 ዓመት በላይ በትንንሽ ከተሞች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሆነው፣ የእጅ ጽሕፈትና ጅምናስቲክ ሳይቀር ሲያስተምሩ ኖረዋል። ምናልባት በር የተዘጋበትን ሰው ለመረዳት ይህ ሳይጠቅማቸው አልቀረም። ሶፊያ ትምህርት ልትለምን በመጣች ጊዜ በቃል አልመለሷትም፤ ለበሰሉ ተማሪዎች የሚሆን ከባድ ጥያቄ ሰጥተው አሰናበቷት። በሳምንቱ ሁሉንም ሠርታ መጣች፤ አሠራሯም ግልጽና ከራሷ የፈለቀ ነበረ።

መምህሩ ከዚህ በኋላ በዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ትምህርቱን እንድትሰማ አስለመኑላት። ጉባኤው ከለከለ። ተማሪ ሆና መግባት ቀርቶ ከኋላ ተቀምጣ መስማት እንኳ አልተፈቀደላትም። ስለዚህ ቫየርሽትራስ በአዳራሹ የሚያስተምሩትን ሁሉ ለእርሷ ብቻ ይደግሙላት ጀመር። ሁልጊዜ እሑድ ከቀትር በኋላ እርሷ ወደ ቤታቸው ትሄዳለች፤ በሳምንቱም መካከል አንድ ቀን እርሳቸው ወደ ማደሪያዋ ይመጣሉ። ይህ ያለ ክፍያ አራት ዓመት ቈየ። የመምህር ድካም በደመወዝ የማይለካ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አይበዛም።

ትምህርቷም መቀበል ብቻ አልነበረም። ቫየርሽትራስ እኩልዮሹን በቅደም ተከተል እየፈቱ ማለቂያ በሌለው ድምር ቢጽፉት፣ ያ ድምር ምንጊዜም ወደ እውነተኛ መፍትሔ ያደርሳል ብለው ይገምቱ ነበር። ሶፊያ ይህን ለማስረዳት ስትደክም ወሰኑን አገኘች። እኩልዮሹ ተገቢ መልክ ካለውና የመነሻው ሁኔታ በሚገባ ከተሰጠ፣ በመነሻው አቅራቢያ በድምር የሚጻፍ መፍትሔ አለ፤ ያም አንድ ብቻ ነው። የብረቱን ሙቀት የሚገልጸው እኩልዮሽ ግን ከዚህ ይወጣል። መነሻው ያማረ ሆኖ ሳለ፣ ድምሩ ከመነሻው ቅጽበት ጥቂት እንኳ ሲርቁ ወሰን አጥቶ የሚበተንበትን ምሳሌ አቀረበች። መምህሩ ግምታቸው መሳሳቱን አልሸሸጉም፤ ለባልንጀራቸው ሊቅ በጻፉት ደብዳቤ ያልጠበቁትን ያገኘች ተማሪያቸው መሆኗን መሰከሩላት። ከፊሉን ፈረንሳዊው ኮሺ አስቀድሞ ሠርቶት ስለ ነበረ፣ ሕጉ ዛሬ በኮሺና በኮቫሌቭስካያ ስም ይጠራል።

በ1874 ዓ.ም. ይህንና ሌሎች ሁለት ድርሳናት፣ አንዱ ስለ አቤል ኢንተግራሎች፣ ሁለተኛው ስለ ሳተርን ቀለበት፣ ለጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ አቀረበች። ዩኒቨርሲቲውም የቃል ፈተና ሳይጠይቃት በከፍተኛ ምስጋና የዶክተርነት ማዕርግ ሰጣት። በአዲሱ ዘመን በሒሳብ ይህን ማዕርግ ያገኘች የመጀመሪያዪቱ ሴት እርሷ ናት።

ወደ አገሯ ስትመለስ ግን ይህ ማዕርግ ከትንንሽ ሴቶች ልጆች የቍጥር ትምህርት በቀር ሌላ ሥራ አላስገኘላትም። ለብዙ ዓመት ሒሳብን ተወች፤ የመምህሯንም ደብዳቤ ሳትመልስ ቈየች። በ1878 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ በንግድ ኪሳራ ተጨንቆ በ1883 ዓ.ም. በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ።

በዚያው ዓመት ሌላው የቫየርሽትራስ ተማሪ ሚታግ ሌፍለር ወደ ስቶክሆልም ጠራት። በ1884 ዓ.ም. ጥር 30 ቀን የመጀመሪያ ትምህርቷን በጀርመንኛ ሰጠች። ያስተማረችውም፣ በበርሊን ከአዳራሹ ውጭ ተቀምጣ የተማረችውን፣ የከፊላዊ ዲፈረንሺያል እኩልዮሽን ትምህርት ነው። በ1888 ዓ.ም. በአንድ ነጥብ ተይዞ የሚሽከረከር አካል እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚያስረዳ ድርሳን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ላከች። ኦይለርና ላግራንዥ የዚህን ነገር ሁለት መልክ ፈትተው ነበር፤ እርሷ ሦስተኛውን ጨመረች። የጸሐፊው ስም ለዳኞቹ ተሰውሮ ሳለ፣ የድርሳኑ ብልጫ ስለ ታየ ሽልማቱ ከ3000 ወደ 5000 ፍራንክ ከፍ ተደረገ። በ1889 ዓ.ም. በስቶክሆልም የዘለቄታ ፕሮፌሰር ሆነች።

በ1891 ዓ.ም. በየካቲት 10 ቀን በሳንባ ምች በ41 ዓመቷ በስቶክሆልም ሞተች፤ በዚያም ተቀበረች። አረጋዊው ቫየርሽትራስ መሞቷን ሲሰሙ ለእርሳቸው የጻፈችላቸውን ደብዳቤዎች ሁሉ አቃጠሉ። እርሳቸው የላኩላት ግን በእርሷ ዘንድ ተጠብቀው ተገኙ።