ልጅ ኢያሱ፦ ወሬ ከሥልጣን ያወረደው ወጣት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

 

በሀገረ ሕይወት በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶ፣ በጊንጪ፣ በሆለታ ሆናችሁ ይህን ገጽ የምትከታተሉ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው የጁምዓ ማስታወሻችን ስለ አንድ ወጣት ሕይወት ነው። ስሙን በትምህርት ቤት ሰምታችኋል። አንዳንዶቻችሁ በጥላቻ፣ አንዳንዶቻችሁም በፍቅር ሲነሳ ሰምታችሁት ይሆናል። ዛሬ ግን ከጥላቻውም ከፍቅሩም ትንሽ ራቅ ብለን እንየው። ለምን መሰላችሁ? የዚህ ሰው ሕይወት በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ስላለው ስልክና በአፋችን ውስጥ ስላለው ምላስ ብዙ ያስተምረናል።

ልጅ ኢያሱ በ1887 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ተወለደ። እናቱ ወይዘሮ ሸዋረጋ የአፄ ምኒልክ ልጅ ናቸው። አባቱ ራስ ሚካኤል የወሎ ገዥ ነበሩ። ራስ ሚካኤል ግን ሲወለዱ ስማቸው ሙሐመድ ዓሊ ነበር። ከወሎ ሙስሊም መሪዎች ቤት የተገኙ ሰው ናቸው። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ አፄ ዮሐንስ የወሎ መሪዎች ክርስትናን እንዲቀበሉ ባስገደዱ ጊዜ ሃይማኖታቸውን ለውጠው ሚካኤል ተባሉ። ስለዚህ ኢያሱ ገና ሳይወለድ ጠላት የሚመዘው ነገር በደሙ ውስጥ ነበር። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

አፄ ምኒልክ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸውና ሕመም ስለጸናባቸው በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን አልጋ ወራሽ አድርገው አሳወቁ። ያኔ ኢያሱ ዕድሜው ዐሥራ አራት ነበር። ምኒልክ መኳንንቱን አስማሉ። ቃሉን ያፈረሰ፣ ልጁን የከዳ ሁሉ የተረገመ ይሁን ብለው አወገዙ። ሞግዚት የሆኑት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ ወጣቱ ያለ ሞግዚት ቀረ። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. አረፉ። ኢያሱ ግን ዘውድ ሳይጭን ነው ሀገር ያስተዳደረው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አባቱ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ነገሡ።

አሁን ቆም በሉና አስቡ። ሃያ ዓመት እንኳን ያልሞላው ልጅ የአያቱን አሮጌ ሹማምንት ያዛል። እነሱ ደግሞ በጦር ሜዳ ያረጁ፣ ግዛትና ሠራዊት ያላቸው፣ በልጅ መታዘዝ የሚከብዳቸው ናቸው።

ኢያሱ እንከን የሌለው ሰው አልነበረም፤ መልአክ አድርገን አንሣለው። ከዋና ከተማው ወራት ሙሉ ይርቅ ነበር። ሹማምንቱን ይንቅ ነበር። በ1904 ዓ.ም. ወደ ግሚራ ባደረገው ዘመቻ ብዙ ሰው ተማርኮ በባርነት ተነድቷል። ይህ ከባድ በደል ነው። በሌላ በኩል የታሪክ ጸሐፊዎች በጎ ሥራዎቹንም ይጠቅሳሉ። በአዲስ አበባ የከተማ ፖሊስ አቋቁሟል። ሌባ ሻይ የሚባለውን ልማድ ለማስቀረት ሞክሯል። ሌባ ሻይ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? አንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ይጠጣና ይለቀቃል። እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ምስክር የለ፣ ማስረጃ የለ። ሱብሓነላህ! ይህን ዓይነቱን ፍርድ ሊያስቀር የሞከረው ሰው ራሱ ከእሱ ብዙም በማይሻል ፍርድ ነው የወደቀው።

ኢያሱን ከቀደሙት ነገሥታት የለየው ከሙስሊሞች ጋር የነበረው ቅርበት ነው። ወደ ሐረር፣ ወደ ጅጅጋ፣ ወደ አፋር ይሄድ ነበር። ከሙስሊም ባላባቶች ቤት ሚስቶች አገባ። ከሶማሌ መሪዎች ጋር ወዳጅነት መሠረተ። ሙስሊሙ በገዛ ሀገሩ እንደ እንግዳ በሚታይበት ዘመን የሀገሪቱ ገዥ አብሮት ተቀመጠ፣ አብሮት በላ። ያው ሰው ደግሞ በአዲስ አበባ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንን አሠርቷል። ሁለቱን ሕዝቦች በአንድ ቤት ለማስቀመጥ ፈልጎ ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው። የልቡን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ቱርክ ከጀርመን ጋር ቆማለች። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ደግሞ በኢትዮጵያ ዙሪያ ቅኝ ግዛት አላቸው። ኢያሱ ወደ ቱርክ ያዘነብላል ብለው ፈሩ። በነሐሴ 1908 ዓ.ም. ኢያሱ ደጃዝማች ተፈሪን ከሐረር ገዥነት አነሣቸው። የተፈሪ ባለቤት ወይዘሮ መነን የኢያሱ የእኅት ልጅ መሆናቸውን ልብ በሉ። ጠቡ በቤተሰብ ውስጥም ነበር ማለት ነው። የተቀየሙ መኳንንት፣ የፈሩ የውጭ መንግሥታት፣ የተሻረ ዘመድ በአንድ ወገን ተሰለፉ። አንድ ነገር ብቻ ቀራቸው፤ ሕዝቡ ሳይጠይቅ የሚያምነው ክስ።

ያም ክስ ተገኘ። ኢያሱ ሰልሟል ተባለ። መስጊድ ገብቶ ሰግዷል ተባለ። የዘር ሐረጉን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስቆጥሯል ተባለ። በባንዲራው ላይ ጨረቃና የሸሃዳ ቃል አስጽፏል ተባለ። ጥምጥም ጠምጥሞ የሚታይበት ፎቶግራፍ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከነዚያ ፎቶዎች ውስጥ ተቀናብረው የተሠሩ እንደነበሩ ብዙዎች ይናገራሉ። አያችሁ? ኢንተርኔት በሌለበት፣ ስልክ በጥቂት ሰዎች ቤት ብቻ በነበረበት ዘመን እንኳን ፎቶ አቀናብሮ ሰውን መጣል ይቻል ነበር።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ መኳንንቱና ካህናቱ በአዲስ አበባ ተሰበሰቡ። ክሱ ተነበበ። ተከሳሹ የት ነበር? ሐረር። የሚከራከርለት አልነበረም። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ከምኒልክ መሐላ ፈቷቸው። ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ተባሉ። የሀያ አንድ ዓመቱ ወጣት በሌለበት ተፈርዶበት ወረደ።

አሁን ወደ ያዛችሁልኝ ነጥብ እንመለስ። ይህ ክስ የተሠራው ከባዶ አልነበረም። የአባቱ የቀድሞ ስም ሙሐመድ መሆኑ እውነት ነው። ሐረር መሄዱ እውነት ነው። ከሙስሊም ቤት ማግባቱ እውነት ነው። ስም ማጥፋት ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሦስት እውነት ወስዶ አንድ ያልተጣራ ነገር ይጨምርበታል። ሰው ሦስቱን ስለሚያውቅ አራተኛውን ሳይመረምር ይውጠዋል።

ሌላም ነገር አለ፣ ይህ ደግሞ ልብ ይነካል። በግሚራ በባርነት ስለተነዱት ሰዎች ማንም ከሥልጣን አላወረደውም። እውነተኛው በደል እንደ ጥፋት አልተቆጠረም። ጥፋት ሆኖ የተቆጠረው ሙስሊም ተብሎ መጠርጠሩ ነው። የእኛ ስም፣ የእኛ ዲን፣ እንደ ስድብና እንደ ወንጀል ቀረበ። በወሬው ምክንያት አንድ ሰው ብቻ አልተጎዳም። በዚያው ሰሞን በሐረር ከተማ ከሽኩቻው ምንም ድርሻ ያልነበራቸው ሙስሊሞች ተገደሉ። ወሬ ከቤተ መንግሥት ሲወጣ ሰይፍ ይዞ ነው የሚወጣው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ሠራዊት አዘመቱ። በጥቅምት 1909 ዓ.ም. በቶራ መስክ የራስ ልዑል ሰገድን የሸዋ ጦር ደመሰሱ። በጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ግን ተሸነፉና ተማረኩ። የሸዋን ጦር የመሩት የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ናቸው። ከአምቦ በወንጪ በኩል ወደ ወሊሶ ስትወርዱ የምታገኙት የጨቦ ምድር ልጅ ናቸው። በሁለቱም ወገን በሺዎች የሚቆጠር ገበሬ፣ የሰው ልጅ፣ የእናት ልጅ ወደቀ። ምናልባት ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ ቅድመ አያታችሁ እዚያ ነበሩ። ስንቶቹ ናቸው ስለ ፎቶው እውነት ጠይቀው የዘመቱት?

ኢያሱ በአፋር በረሃና በሰሜን ሲንከራተት ቆይቶ በ1913 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ተያዘ። ከሙገር ማዶ፣ ሰላሌ ውስጥ ፍቼ ላይ በራስ ካሳ ጥበቃ ታሰረ። በ1924 ዓ.ም. አመለጠ፣ ብዙም ሳይቆይ ተያዘ። ከዚያ ወደ ሐረርጌ፣ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰደ። በኅዳር 1928 ዓ.ም.፣ ጣልያን ሀገሪቱን በወረረበት ወቅት፣ እዚያው እስር ላይ እያለ ሞተ። ዕድሜው አርባ ነበር። ከዕድሜው ወደ ዐሥራ አምስት ዓመት የሚጠጋውን በእስር አሳለፈ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚህ ሕይወት ለራሳችን ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ ማጣራት ኢባዳ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲመጣ እንድናጣራ አዞናል፤ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ዓሊይን (ረ.ዐ.) ወደ የመን ዳኛ አድርገው ሲልኩት ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ እንዳይፈርድ አስተምረውታል። ኢያሱ ሐረር እያለ አዲስ አበባ ላይ ተፈረደበት። እኛስ? በቴሌግራም ላይ አንድ ስክሪንሾት አይተን ሰውየው በሌለበት ስንቴ ፈርደናል?

ሁለተኛ፣ ስም ማጥፋት የሌሎች ኃጢአት ብቻ አይደለም። በእናታችን በዓኢሻ (ረ.ዐ.) ላይ የተነዛውን ወሬ አስቡ። ወሬውን የጀመሩት ሙናፊቆች ናቸው። ከተቀባበሉት ውስጥ ግን ሙእሚኖችም ነበሩበት። መዲና አንድ ወር ያህል ታመሰች፣ ከዚያ አላህ በሱረቱን ኑር ንጽሕናዋን ገለጸ። አቡ አዩብና ባለቤታቸው ግን ወሬው ቤታቸው ሲደርስ ራሳቸውን ጠየቁ። እኛ ይህን እናደርጋለን ወይ? አናደርግም። ታዲያ ከእኛ የምትበልጠው ዓኢሻ እንዴት ታደርገዋለች? ብለው ወሬውን እዚያው ገደሉት። አያችሁ፣ አንድ ቤት ወሬን ማስቆም ይችላል።

ሦስተኛ፣ ይህ ለእኛ ለሙስሊሞች ነው። አንዳንዶቻችን ኢያሱን ስለምንወደው በእርግጠኝነት ሙስሊም ነበር፣ ለዲኑ ሲል ሞተ እያልን እንጽፋለን። ማስረጃችን ምንድን ነው? ያው ጠላቶቹ ያሠራጩት ፎቶና ወሬ! እነሱ ሊጥሉት የተጠቀሙበትን ያልተጣራ ነገር እኛ ልናነግሠው ተጠቀምንበት። የወደድነው ሰው ላይ ያልሆነውን መጨመርም እውነትን መበደል ነው። ስለ ልቡ አላህ ያውቃል እንበል። ለሙስሊሞች ያደረገውን በጎ ነገር እናመስግን፤ እዚያ ላይ እንቁም።

አራተኛ፣ የበደለንን በበደል አንመልስ። ስማችን እንደ ስድብ የተነሣበት ዘመን ያመናል፣ ያመናልም። ነገር ግን በአምቦም በጊንጪም ጎረቤታችን ክርስቲያን ነው። በለቅሶ አብረን እንቀመጣለን፣ በሠርግ አብረን እንበላለን። ያ ጎረቤት የ1909 ዓ.ም. መኳንንትን ዕዳ አይከፍልም። በፖለቲካ የማንስማማው ሰው ላይም ቢሆን፣ በሠራው ጥፋት እንተቸው እንጂ ባልሠራው አንክሰሰው። ያለበትን ነውር በሌለበት ማውራት ሐሜት ነው፣ የሌለበትን ማውራት ደግሞ ቡህታን ነው። ሁለቱም የተከለከሉ ናቸው። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው የሕዝብ ገንዘብ ቢበላ፣ ሰው ቢበድል፣ በማስረጃ መናገር ግን ሐሜት አይደለም፣ አማና ነው። ልዩነቱን እንወቅ። ኢያሱን የግሚራን ሰዎች ስለ ምን አስነዳህ ብሎ የጠየቀው ቢኖር ኖሮ እውነተኛ ፍርድ ይሆን ነበር።

እስቲ ዛሬ አንድ ነገር እናድርግ። ከዐስር ሰላት በፊት ስልካችንን እንክፈትና በዚህ ሳምንት ያስተላለፍነውን መልእክት ወደ ኋላ እንመልከት። ስለ አንድ ሰው ሳናጣራ የላክነው ካለ እናጥፋው። ለላክንላቸው ሰዎች አላጣራሁትም ነበር እንበላቸው። ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን በዱንያ ለአንድ ደቂቃ ማፈር፣ በቂያማ ቀን ሐሰናችንን ላማነው ሰው አስረክበን ባዶ እጃችንን ከመቅረት ይሻላል።

ያ አላህ! ምላሳችንንና ጣታችንን ከቡህታን ጠብቅልን። ሳናውቅ የጎዳናቸውን ሰዎች ይቅር እንዲሉን አድርግልን። በሐሰት ስማቸው የጠፋ ወገኖቻችንን ንጽሕና ግለጽላቸው። ለሀገራችን ሰላምን ስጥልን። አሚን።

ሱረቱል ካህፍን መቅራትና በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ሰለዋት ማብዛት አትርሱ። ለሌሎችም ታዳርሱት ዘንድ ሼር አድርጉ፣ አንብባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ግን።

መልካም ጁምዓ!